እሱ ሲጠጣ ይሳቃል፣ እሷ ስትጠጣ ይደበቃል

በዓመታዊው የምሩቃን መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ «ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ በፈለግሽው ርዕስ ተናገሪ» ሲለኝ «ስለ ተማሪዎች መጠጥ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ዶክተርዬ፣ ማታ እራት ላይ ቢራ አለ እኮ» አለኝ። ይኑር! እኔ የማንንም ብርጭቆ ልነጥቅ አልመጣሁም። መጠጥ ኃጢአት ነው አይደለም የሚለውንም ለቀሳውስቱ፣ ለሼሆቹና ለፓስተሮቹ እተወዋለሁ። የምናገረው እንደ ሐኪም ነው፤ ትንሽም እዚሁ ግቢ ዶርም ውስጥ እንደኖረች ሴት።

የምለው ነገር አንድ ነው። ወንድ ተማሪና ሴት ተማሪ የሚጠጡት በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም፤ የሚጎዱትም እንደዚያው። እኛ ግን፣ መምህሩም ሐኪሙም ጥበቃውም፣ ሁለቱን የምንለካው በአንድ ቁና ነው። ቁናውም የተሠራው በወንዱ ልክ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ፤ ወላጅ የሆናችሁ ሰዎች ዛሬ እንቅልፍ እንዳታጡ። «ተማሪ ሁሉ ይጠጣል» የሚባለው ወሬ ልክ አይደለም። በየግቢው የተሠሩት ጥናቶች የተለያየ ቁጥር ይስጡ እንጂ የማይጠጣው ይበዛል። በሃይማኖቱ፣ በገንዘብ እጦት፣ ወይም በቀላሉ ስለማይወድ የማይነካው ብዙ ነው። የሚገርመው ተማሪው ራሱ ይህን አለማመኑ ነው። በብዙ አገር ተማሪዎች ላይ እንደታየው፣ ጓደኛህ ስንት ይጠጣል ሲባል ከእውነቱ አብዝቶ ይገምታል። ከዚያ «እኔ ብቻ ነኝ ወደኋላ የቀረሁት» ብሎ ይጀምራል። ፍሬሽ ሆኖ የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ለዚህ ግምት ብሎ ነው።

የአገራችን ነገር ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ብቅሉን የምታበቅል፣ ጌሾውን የምትወቅጥ፣ ጋኑን በወይራ የምታጥን ሴት ናት። አረቄውን የምታወጣ፣ ጠጁን የምትጥል እሷው ናት። በጠላና በአረቄ ሽያጭ ልጆቿን አስተምራ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች እናት ስንት ናት! በዚህ አዳራሽ ውስጥም የእናቱ የጠላ ገንዘብ ያስተማረው ሰው አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ፤ ሊኮራም ይገባዋል። ስለዚህ «መጠጥ የወንድ ነገር ነው» የሚለው አባባል ከቤታችን ታሪክ ጋር አይገጥምም።

ልዩነቱ ያለው ቦታው ላይ ነው። በባህላችን ሴት ልጅ የምትቀምሰው ቤት ውስጥ ነው። በዓመት በዓል፣ በማኅበር፣ በድግስ፤ ትንሽ ሳለች ቅራሪ፣ አደግ ስትል ጠላ። አጠገቧ እናት አለች፣ አክስት አለች፣ «በቃሽ አንቺ ልጅ» የምትል ጎረቤት አለች። ወንዱ ደግሞ ከቤት ወጥቶ ጠላ ቤት ወይም ጠጅ ቤት ይጠጣል። «በቃህ» የሚለው ባይኖርም ሲወድቅ አንስቶ ቤቱ የሚያደርሰው የመጠጥ ጓደኛ አለው። ሁለቱም መንገድ የየራሱ ጠባቂ አለው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ምን ይሆናል? ወንዱ ጠጅ ቤቱን በግሮሰሪ ይተካል፤ ጓደኛውን ይዞ ይቀጥላል። ሴቷ ግን የቤቱን ጠባቂ ታጣለች፣ የወንዱን ዓይነት ጠባቂም አታገኝም። በሁለቱ መካከል ትቀራለች። እኔ በሥራዬ የማየው ጉዳት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ክፍተት ነው።

ወደ ቁጥር ልግባ፤ መምህሮቻችን ቁጥር ካልሰሙ አያምኑም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወቴ አልኮል ቀምሻለሁ ያሉት ከሴቶች 35 በመቶ ያህል፣ ከወንዶች 46 በመቶ ያህል ናቸው። ርቀቱ ያን ያህል አይደለም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ላይ ግን፣ ባለፈው አንድ ወር ውስጥ በአንድ ቁጭታ ስድስትና ከዚያ በላይ የጠጡት ሲቆጠሩ፣ ከወንዶች ከአምስት አንዱ ያህል ሲሆን ከሴቶች ግን ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ነው። በመቅመስ የሚቀራረቡ ሰዎች በብዙ መጠጣት ላይ ሰማይና ምድር ሆኑ ማለት ነው።

አብዛኛው ልዩነት እውነት ነው፤ ወንዶች በርግጥም አብዝተው ይጠጣሉ። ነገር ግን እንዴት እንደተጠየቁ ልብ በሉ። ጠያቂው ቤት ድረስ መጥቶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው። ወንድ ልጅ ቁጥሩን ከፍ ቢያደርግ ማን ይወቅሰዋል? ሴት ልጅ ግን አማቷ ወይም ወንድሟ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ እየሰማ ስንት ጠጣሽ ስትባል ምን ትመልሳለች? እኔ ብሆን «እኔ? በበዓል ትንሽ» ነው የምለው።

ተማሪዎች ላይ የሚሞላው መጠይቅ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። የምርምር ሥራ የምታማክሩ መምህራን ይህችን ያዙልኝ። መጠይቁ «በአንድ ጊዜ ስንት ጠርሙስ ትጠጣለህ/ትጠጫለሽ?» ይላል። ወንዱ ጠርሙሱን ከፊቱ ደርድሮ ስለሚጠጣ መቁጠር ይችላል፤ ሒሳብ ሲከፍልም ይቆጠርለታል። ሴቶቹ እንዴት እንደሚጠጡ የሚያውቅ ሰው ግን ይህን ጥያቄ አያወጣም ነበር። አንድ ጠርሙስ ወይን ይገዛል፤ የምትገዛውም ብዙ ጊዜ ደፋሯ ናት፣ ወይም የአንዷ ወንድ ጓደኛ ነው። ወይኑ ባዶ የሀይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከኮካ ጋር ይቀላቀላል። የለስላሳ መልክና ጣዕም ስላለው ጥበቃውን አልፎ ዶርም ይገባል፤ ወይም አንዷ በተከራየችው ክፍል በልደት ስም ይከፈታል። በሩ ይቆለፋል፣ ሙዚቃው ይቀነሳል፣ ጠርሙሱ ከእጅ እጅ ይዞራል። በዚህ መሐል ማን ስንት እንደጠጣ ማን ይቆጥራል? ልጅቷ መጠይቁ ላይ «ዜሮ ጠርሙስ» ብትጽፍ አልዋሸችም። ቢራ አልጠጣችም እኮ!

እስቲ አብረን እናስላው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለው። 12 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ወይን፣ ማለትም 750 ሚሊ ሊትሩ፣ 71 ግራም ያህል ነው። አምስት ቢራ ተኩል መሆኑ ነው። ሁለት ልጆች አንድ ወይን ተካፍለው ሲጨርሱ እያንዳንዳቸው ሦስት ቢራ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጠጥተዋል። ኮካው ጣፋጭ ስለሆነ ምላስ አያስጠነቅቅም። ተደብቆ የሚጠጣ ነገር ደግሞ ይፈጥናል፤ ፕሮክተሯ ሳትመጣ ማለቅ አለበታ።

አሁን ሁለተኛ ዓመት ላይ በዶርም ምሽቶች ስንት ጊዜ የተከራከርንበት ነገር ይምጣ፦ የሴት አካል። የሴት ሰውነት ከወንድ ሰውነት ያነሰ ውሃ አለው። አልኮል ደግሞ የሚሰራጨው በውሃው ውስጥ ነው። በጨጓራ ውስጥ አልኮልን ቀድሞ የሚሰብረው ኢንዛይምም በሴቶች ላይ ሥራው አነስ ይላል። በቆየው የዊድማርክ ስሌት ብንሄድ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ወንድና 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት እኩል ሁለት ሁለት ቢራ ቢጠጡ፣ እሱ በኪሎ 0.64 ግራም ያህል ሲኖረው እሷ 0.95 ገደማ ይኖራታል። አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ክብደታቸው እኩል ቢሆን እንኳ የእሷ በሩብ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ «ከወንዶቹ እኩል እጠጣለሁ» ብላ የምትፎክር ልጅ ፉክክሩን የምትጀምረው ተበልጣ ነው። ይህ የድክመት ጉዳይ አይደለም፤ የውሃ ጉዳይ ነው። ሴት ተማሪዎችን ሳስተምር ይህን ስል ይስቃሉ፤ ከዚያ ግን ስልካቸውን አውጥተው ራሳቸው ያሰሉታል።

ስለ ረጅሙ ጊዜ ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። በየቀኑ ለሚጠጣ 10 ግራም የጡት ካንሰር ዕድል በ7 በመቶ ያህል ከፍ ይላል፤ ይኸውም ከአንድ ቢራ ያነሰ ነው። እርግዝና ደግሞ ገና ሳይታወቅ ባሉት ሳምንታትም አልኮሉ ለፅንሱ ይደርሳል። በአርባዎቹ ውስጥ ያለን ሴቶች፣ ማታ ልጆች ሲተኙ ወይን የምንቀዳ፣ ይህ ለተማሪዎቹ ብቻ የተነገረ እንዳይመስለን።

ከተረኝነት ሌሊቶቼ አንዱን ልንገራችሁ። ቦታም ስምም አልጠራም፤ አንዳንዱንም ነገር ቀይሬዋለሁ። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ አንድ ወንድ ተማሪ መጣ። አምስት ጓደኞቹ ተሸክመውት ነው፤ አንዱ ገና እየዘፈነ ነበር። በሩ ላይ ሆነው «ዶክተር፣ ጠጥቶ ነው! ድራፍት ላይ ውለን አረቄ ደገመበት!» አሉ። ከዚህ የተሻለ የሕመም ታሪክ አትሰሙም። በጎኑ አስተኛነው፣ ስኳሩን ለካን፣ ግሉኮስ ሰጠነው፣ ትንፋሹን ጠበቅን። ጠዋት ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው «ስልኬ የት ነው?» ብሎ ነው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ተማሪ መጣች። ሁለት ጓደኞቿ በነጠላ ሸፍነዋታል። «ምን ሆነች?» ስል «ምግብ ተመርዛ ነው» አሉኝ። «ምን በላች?» «ሽሮ።» ሽታውን አፍንጫዬ ነግሮኛል፤ ልጆቹ ግን ዓይኔን እያዩ ሽሮ ይላሉ። የደም ስኳሯ 38 ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ስኳሯ ሲስተካከል ዓይኗን ገለጠች፤ ካርዱን አይቼ በስሟ ጠራኋት። «አቤት» ያለችው ጓደኛዋ ናት! ካርዱ የወጣው በጓደኛዋ ስም ነው። ሰዎች፣ ደም መስጠት ቢያስፈልግ፣ መድኃኒት የማይስማማት ብትሆን፣ እግዜር አያድርገውና ብትሞት፣ በማን ስም ነበር የምትሞተው? እሷም ስትነቃ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ «ግቢ ይሰማል?»

ኋላ ቀስ ብዬ ስጠይቃቸው ልጅቷ የወደቀችው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ሎሚ አጠጥተዋታል፣ ቡና በማንኪያ ሰጥተዋታል፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሰውባታል። እነዚህ ልጆች ክፉ አይደሉም። ጎበዝና ታማኝ ጓደኞች ናቸው፤ ሲጠብቋት የነበረው ግን ከሞት ሳይሆን ከወሬ ነው። የወንዱን ጓደኞች አስቡ፤ እነሱ የሚደብቁት ነገር ስላልነበረ ሁለት ሰዓት ቀድመው ደረሱ፣ እውነቱንም ተናገሩ። በዚያ ሌሊት በሁለቱ ልጆች መካከል የነበረው ትልቁ ልዩነት የኢንዛይም አልነበረም።

ይህን የሚያነብ ከተማሪ ጋር የሚኖር ሰው ካለ፦ ጉበት አልኮልን የሚያቃጥለው በራሱ ሰዓት ነው። ቡናም ሎሚም ሻወርም አያፋጥነውም፤ ቀዝቃዛ ውሃው እንዲያውም የሰውነት ሙቀት ያወርዳል። በግድ ማስመለስ አደጋ ነው፤ ትውከት ወደ ሳንባ ይገባል። ራሱን የሳተ ሰው በጎኑ ይተኛ፣ ብቻውን አይተው። ሲጠራ የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም የሚቆራረጥ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ከሆነ ሐኪም ቤት ነው፤ ጠዋት አይጠበቅም። ሲያስመጡም እውነቱን ይንገሩን። ሽሮ አይበሉን።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። በየግቢው የሴቶች ዶርም በር የሚዘጋበት ሰዓት አለ። ዓላማው ጥበቃ ነው፤ ወላጅም ይህን ሰምቶ ነው ልጁን የሚልከው፤ እረዳለሁ። ግን ከሰዓቱ በኋላ ለመጣች ልጅ በሩ ምን ይሠራል? ስሟ ይመዘገባል፣ ሽታዋ ይታያል፣ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይተላለፋል፣ ከዚያ በፊት ግን ጥበቃውና በር ላይ የቆመው ሁሉ ይስቅባታል። ወንዱም ሊመዘገብ ይችላል። ለእሱ ግን ወሬው በሳምንቱ የካፌ ጨዋታ ነው፤ ለእሷ እስክትመረቅ የሚከተላት ስም ነው። ስለዚህ ያቺ ልጅ ሰዓቱን አይታ ትወስናለች፦ ከምመዘገብ ውጭ ልደር። የት? ከማን ጋር? ሰክራ፣ በማታውቀው ፔንሲዮን፣ «አትጨነቂ እኔ አለሁ» ከሚላት ሰው ጋር። ለጥበቃ የተዘጋው በር በጣም ጥበቃ በሚያስፈልጋት ሌሊት ውጭ ያስቀራታል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሳልለሳልስ ልናገር። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 አንዲትን ሴት ራሷን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል አድርጎ በእሷ ላይ የሚፈጸም ድርጊትን አስገድዶ መድፈር ይለዋል፤ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ነው። «ጠጥታ ነበር» የሚለው ቃል ለአድራጊው መከላከያ አይሆንም። በተግባር ግን ይህ ቃል ከሁሉ በፊት የሚያሸንፈው ተጎጂዋን ነው፤ ራሷን እንድትከስ ያደርጋታል። እኛ ሐኪሞች ደግሞ ሰዓት እንቆጥራለን። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያውም እንዲሁ ከጊዜ ጋር ይሽቀዳደማል። ዓርብ ሌሊት የተጎዳች ልጅ ቅዳሜንና እሑድን አልቅሳ፣ ሰኞ ክፍል ገብታ፣ ማክሰኞ ለአንድ ጓደኛዋ ተናግራ፣ ረቡዕ እኔ ዘንድ ብትመጣ ሰዓቱ አልፏል። እፍረት 72 ሰዓት በላ ማለት ነው። ይህን በመጽሐፍ ያነበብኩት አይደለም።

ወንዶቹን አልረሳኋችሁም። ሴቷ በመደበቅ ትጎዳለች ካልኩ፣ ወንዱ የሚጎዳው በመታየቱ ነው። ነገሩ ሁሌ ከዓይን ፊት ስለሆነ የሚያየው ሰው ጠፋ። ከሰዓት በርጫ ይቀመጣል፤ ምርቃናው ሲያልቅ ለጨብሲ ይወጣል። ጫቱ ስላነቃው ስካሩ አይሰማውም፤ ስለዚህ ይጨምራል። እንቅልፍ ሲያጣ ለመተኛት ይጠጣል፣ ጠዋት ለመንቃት ይቅማል። ይህ ዙር አንድ ሴሚስተር ከቆየ ውጤቱ ይወርዳል፤ ውጤቱ ሲወርድ ጭንቀቱ ይጨምራል፤ ጭንቀቱን ደግሞ በምን እንደሚያባርረው ታውቃላችሁ። ጓደኞቹ «እሱማ ጋኑን ቢሰጡት አይበቃውም» እያሉ ያወድሱታል። በየባቹ እንዲህ ዓይነት አንድ ልጅ አለ፤ በየመሰባሰቢያው አጥር ዘሎ የገባባት ሌሊት እየተተረከች የሚሳቅለት። ከእነዚያ ልጆች መካከል ዛሬ ከእኛ ጋር ያልተቀመጡ አሉ። ለምን እንዳልተቀመጡ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

መጠጥን ብዙ የሚችል ሰው ጤነኛ ነው የሚለው እምነት ከሕክምና አንጻር ተገላቢጦሽ ነው። መቻል የመልመድ ምልክት ነው። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሳይጠጣ ላብ የሚያጠምቀው ልጅ በድንገት ቢያቆም በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊወድቅ፣ ሊቃዥ ይችላል፤ ሐኪም ሳያየው «ከዛሬ ጀምሮ ተውኩ» ማለቱም አደጋ አለው። ይህን የተማሪ ክሊኒክ ሊያውቅለት ይገባል። ግን ጠያቂ የለም። «ወንድ ነው፣ ይሄ ያልፍለታል» ይባላል።

ሕጉስ? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚነገረውን ማስታወቂያም አስቀርቷል። ማስታወቂያው እንደቀረ ጆሯችን መስክሯል። ዕድሜውን ግን ከግቢ በር ፊት ለፊት ካሉት ግሮሰሪዎች የትኛው ጠይቆ ያውቃል? የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን አብዛኞቹ 21 አልሞላቸውም። ይህን ለፖሊስ ብቻ መተው አይገባም፤ ዩኒቨርሲቲው ከጎረቤቶቹ ነጋዴዎች ጋር ቁጭ ብሎ ሊነጋገርበት የሚችል ነገር ነው። ሆኖም ዋናው ጉዳዬ ይህ አይደለም።

ዋናው ጉዳዬ ለመምህሮቻችን የማቀርበው ጥያቄ ነው። በሩ ከሰዓቱ በኋላም ይከፈት፤ ሌሊት በር ላይ ሴት ጥበቃ ትኑር፤ ዘግይታ ወይም ጠጥታ የመጣች ልጅ መጀመሪያ ትግባ፣ ትተኛ፣ አስፈላጊ ከሆነም ክሊኒክ ትወሰድ። ጓደኛውን ወይም ጓደኛዋን ለሕክምና ያመጣ ተማሪ በመጠጥ ምክንያት አይከሰስ፤ የታመመውም እንደዚያው። ይህ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ይሁን። «ታዲያ ሥርዓት ይላላል» የሚል ሰው እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ትናንት ማታ አንድ የማከብረው መምህሬ ይህንኑ ብሎኛል። የኔ መልስ እንዲህ ነው፦ የሰበረ፣ የተደባደበ፣ ሰው የነካ ይቀጣ። በመታመም ግን ማንም አይቀጣ። የውጭ በሩን ፈርታ የቀረችዋን ልጅ ሥርዓቱ መቼ አገኛትና ነው የሚላላው?

ክሊኒኩን በተመለከተ ደግሞ ካርዱ የሐኪሙና የታማሚው ምስጢር ነው፤ ወደ ዲኑ ቢሮ የሚሄድ ቅጂ እንደሌለ በትልቁ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። ለራስ ምታትም ለጨጓራም የመጣ ተማሪ ሁሉ ስለ መጠጥ ሦስት አጭር ጥያቄ ይጠየቅ። የዓለም ጤና ድርጅት ካዘጋጃቸው አሥር ጥያቄዎች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይበቃሉ፤ በእነዚህ ሦስቱ ወንድ በ4 ነጥብ፣ ሴት በ3 ነጥብ ትኩረት እንዲደረግላቸው ነው የሚመከረው። ቁናው በሁለት ልክ ሊሠራ እንደሚችል ይህ ያሳያል። ሲጠይቁም «ስንት ጠርሙስ» ብቻ አይበሉ፤ «ወይንስ? ከለስላሳ ጋርስ? ከማን ጋር፣ የት?» ይበሉ። ሴት ነርስ ብትጠይቅ ይመረጣል፤ ለወንዶቹ ግን ሳይስቅ የሚጠይቅ ወንድ ቢገኝ በበኩሌ ደስ ይለኛል።

ከማኅበራችን የምጠይቀው ትንሽ ነው። ለሌሊት ሴት ጥበቃዎች የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝና ለክሊኒኩ ሁለት የስኳር መለኪያ። ሒሳቡን ከገንዘብ ያዡ ጋር ሠርተነዋል፤ ለዛሬው እራት ካወጣነው ብዙ አይርቅም። የበሩን ጉዳይ የያዘው አንድ ገጽ ማመልከቻ በማኅበሩ ጸሐፊ እጅ ነው። ለተማሪዎች ዲን ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይቀርባል፤ እስካሁን አርባ አንድ ሰው ፈርሟል። ብዕር መግቢያው ጠረጴዛ ላይ አለ። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።